ሁለተኛው ሞተር

ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ለተመልካች እጥፍ አስተማማኝ ይመስላል። «አንደኛው ቢቆም ሌላው ይዞ ይገባል» የሚለው ግምት በተሳፋሪው ዘንድ ብቻ ሳይሆን፣ ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ማብረር ተምሮ ወደ ሁለት ሞተር በሚሸጋገር ወጣት አብራሪም ዘንድ የተለመደ ነው። የበረራ ሥልጠና ታሪክ ግን ይህን ግምት ያረመው በብዙ ሰዎች ሕይወት ዋጋ ነው።

ለዚህ ዋነኛው ምስክር ማርቲን ቢ-26 «ማሮደር» የተባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ነው (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1940 መጨረሻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ይህ አይሮፕላን ክንፉ አጭር፣ ሞተሮቹ ኃይለኞች፣ የማረፊያ ፍጥነቱም ወጣቶቹ ከለመዱት እጅግ የላቀ ነበር። ጦርነቱ አጣድፎ በፍሎሪዳ ወደሚገኘው ወደ ማክዲል ጣቢያ ከላካቸው ሠልጣኞች አብዛኞቹ በሁለት ሞተር የበረሩት ሰዓት ጥቂት ነበር፤ የጥገና ሠራተኞቹም እንደነሱ ጀማሪዎች ነበሩ። የፕሮፔለሩ ምላጭ የሚታዘዘው በኤሌክትሪክ ስለ ነበር፣ ባትሪው በምድር ላይ ፍተሻ ደክሞ እንደ ሆነ፣ ፕሮፔለሩ በመነሻው ቅጽበት ከቁጥጥር ውጭ ይሽከረከር ነበር። በዚህም ምክንያት በ1942 አደጋው በዛ፤ በታምፓ ባሕረ ሰላጤ በየቀኑ አንድ አይሮፕላን ይወድቃል የሚል መራራ ቀልድም ተሰራጨ። አባባሉ ግነት አለበት፤ ይሁን እንጂ በሴናተር ሃሪ ትሩማን የሚመራው ኮሚቴ የአይሮፕላኑን ጉዳይ እስከ መመርመር ደረሰ።

አይሮፕላኑን እንዲፈትሽ የታዘዘው ጄምስ ዱሊትል ለአብራሪዎቹ የሰጠው መልስ በቃል የሚደረግ ክርክር አልነበረም። «አይቻልም» ወደሚሉት ወደዚያው ነገር ገባ፤ እንደ ተነሣ አንዱን ሞተር አጠፋ፣ ወደ ሞተው ሞተር አቅጣጫ ዞረ፣ በቀረው ብቻ ተመልሶ አረፈ። ኋላም ቪንሰንት በርኔት የተባለ የአየር ትርኢት አብራሪ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየዞረ ይህንኑ አሳየ። ፋብሪካው በበኩሉ ክንፉን አስረዘመ፤ ክብደቱም አብሮ ስለ ጨመረ ጥቅሙ የታሰበውን ያህል አልሆነም። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ማሮደር በአውሮፓ ግንባር ከተሰለፉት የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ዝቅተኛው የውጊያ ጉዳት የተመዘገበለት ሆኖ ተገኘ። ከለውጡ ትልቁ ድርሻ የሥልጠናው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የችግሩ ሥር ያለው በሞተሮቹ አቀማመጥ ላይ ነው። ሞተሮቹ በግራና በቀኝ ክንፍ ላይ ስለሚቀመጡ፣ አንዱ ሲቆም ሌላው አይሮፕላኑን ወደ ሞተው ጎን ያዞረዋል። ይህን የሚገታው አብራሪው በእግሩ የሚያዘው የጅራት መሪ ነው። መሪው ግን ጉልበት የሚያገኘው ከሚያልፍበት ነፋስ ነው፤ ፍጥነት ከአንድ ልክ በታች ሲወርድ፣ አብራሪው መርገጫውን እስከ መጨረሻው ቢጫንም አይሮፕላኑ መዞሩን አይተውም፤ ቀጥሎም ይገለበጣል። ያን ጊዜ ገዳዩ የቆመው ሞተር ሳይሆን የሚሠራው ነው። መድኃኒቱም የጤነኛውን ሞተር ኃይል መቀነስና አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ምድር በቀረበች ጊዜ ይህን ልብ በቀላሉ አይቀበለውም። በዚህ ላይ፣ ከሁለት ሞተር አንዱ ሲቆም የሚጠፋው የመውጣት ችሎታ ግማሹ ብቻ አይደለም፤ ከመቶ 80 እስከ 90 ያህሉ ነው። አይሮፕላን ከፍ የሚለው ከፍታውን ጠብቆ ከመብረር በተረፈ ኃይል ነውና።

እንግዲህ የባለ ሁለት ሞተር ፈቃድ ሥልጠና በአብዛኛው በአንድ ሞተር የመብረር ትምህርት ነው። አሠልጣኙ ሳያስጠነቅቅ የአንዱን ሞተር ኃይል ይመልሳል፤ ሠልጣኙ የትኛው እንደ ቆመ በእግሩ ለይቶ፣ የፕሮፔለሩን ምላጭ ስለቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ማቆም ይጠበቅበታል። ይህ ልምምድ ራሱ ሰው ፈጅቷል። በአሜሪካ የፈተና ደንብ ሞተሩን በእርግጥ አጥፍቶ መለማመድ ከምድር በላይ ከ3,000 ጫማ በታች እንዳይደረግ የተወሰነውም በዋዛ አይደለም፤ ከዚያ በታች ሞተሩ እየሠራ እንደ ቆመ ይቆጠራል።

ይህ ጥበብ በኢትዮጵያ ሌላ ፈተና ገጥሞታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ተመሥርቶ፣ ሚያዝያ 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከዚያው ጦርነት በተረፈው ባለ ሁለት ሞተር ሲ-47 ነው። በመሪው ወንበር የሚቀመጡት በመጀመሪያ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ የሆኑት በ1957 ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። አየሩ ሲሳሳ የሚሠራው ሞተር ይደክማል፤ ስለ ደከመም የማዞር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ መሪው የሚሸነፍበት ፍጥነትም ዝቅ ይላል። ይህ በጎ ዜና ይመስላል፤ ነገር ግን ክንፉ መሸከም የሚያቆምበት ፍጥነት በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ያው ነው። ሁለቱ ፍጥነቶች በተገናኙበት ከፍታ መሪው ሲሸነፍ ክንፉም አብሮ ይከዳል፤ አይሮፕላኑም እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚዘወተረው ፓይፐር ሴሚኖል በአንድ ሞተር ሊይዘው የሚችለው ከፍታ ከአዲስ አበባ ምድር በእጅጉ ያንሳል። አንዱ ቢቆምበት ቀሪው የሚያደርገው የመውረዱን ፍጥነት ማዘግየት ብቻ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ የያዛቸው የዳይመንድ ዲኤ-42 አይሮፕላኖች ሞተሮች አየሩን አምቆ በሚያስገባ ተርቦ የታገዙ በመሆናቸው፣ የከፍታውን ጉዳት ያቃልላሉ።