ጥቁር ትውከት፦ የ1940 የሱዳን ቢጫ ወባ

በካርቱም ከተማ በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ የዌልካም የሐሩር አገር ምርምር ቤተ ሙከራ በ1903 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሥራውን ጀመረ። ትምህርትና የሕክምና ምርምር በአንድ ጣራ ሥር መዋላቸውን እኛ መምህራን ልብ ልንለው ይገባል። የመጀመሪያው ሹም ዶክተር አንድሩ ባልፎር ትንኝ የሚራባበትን ውሃ በከተማይቱ እያስፈለጉ በማስወገድ ወባን እጅግ አሳነሱ። ከካርቱም ርቀው በደቡብ ምዕራብ በሚገኙት በኑባ ተራሮች ለሚኖረው ሕዝብ ግን ይህን የመሰለ ጥንቃቄ አልደረሰውም።

በ1940 በዚያ አገር ቢጫ ወባ ተነሣ። ስሙ ሰውን ያሳስታል፤ በትንኝ ከመተላለፉ በቀር ከወባ ጋራ ዝምድና የለውም። በሽተኛውን ትኩሳት በድንገት ይይዘዋል፤ ራሱንና ወገቡን ያመዋል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ይበርድለትና ቤተ ዘመዱ ዳነልን ብሎ ደስ ይለዋል። ለብዙዎቹም ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ጥቂቶቹን ግን ትኩሳቱ ተመልሶ ይይዛቸዋል፤ ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፤ ከድዳቸውና ከአፍንጫቸው ደም ይፈሳል፤ በጨጓራቸው የጠቈረውን ደም ያስታውካሉ። ይህም የሚሆነው ደምን ከሚያረጉት ነገሮች አብዛኞቹን የሚሠራው ጉበት ስለሆነና ቫይረሱም ጉበትን ስለሚያበላሽ ነው። ከዚህ ደረጃ ከደረሱት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። ሐኪም ቤት ቢተኙም ሐኪሙ ሕመምተኛውን ይደግፋል እንጂ ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለውም።

ሐኪሙ ኪርክ ስለዚህ ወረርሽኝ በ1941 ባወጡት ጽሑፍ 15,641 ሕመምተኞችና 1,627 ሙታን ተመዝግበዋል። ቫይረሱንም የኢንቴቤ ተመራማሪዎች ማሀፊና ባልደረቦቻቸው ከኪርክ ጋራ ሆነው ለይተው አወጡት። የሚያሳዝነው ግን በሽታው ጨርሶ ያልታሰበ እንግዳ አለመሆኑ ነው፤ ከዚያ በፊት በሠላሳዎቹ ዓመታት በተደረገ የደም ምርመራ በሱዳን ሰዎች ደም ውስጥ የበሽታው ምልክት ታይቶ ነበር። ማክስ ታይለርና ባልደረቦቹም ክትባቱን በ1937 አዘጋጅተዋል። ዕውቀቱም መድኅኑም ነበሩ፤ ወደ ተራሮቹ ግን በጊዜው አልደረሱም።

በአገራችንም ይኸው ተደገመ። ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው አንድ ሚሊዮን ከሚሆን ሕዝብ 100,000 ያህል ታመመ፤ 30,000 ያህል ሞተ ተብሎ ይገመታል። ቁጥሩ ግምት ነው፤ ብዙው ሰው ሐኪም ሳያየው በየጎጆው አልፏልና። በአዲስ አበባ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሴሪዬና ባልደረቦቻቸው መንሥኤውን ሲመረምሩ፥ አስተላላፊዋ ትንኝ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት በሚቋጠረው የዝናም ውሃ እንደምትራባ አገኙ። ባልፎር በካርቱም እንዳደረጉት ውሃውን ማፍሰስ በዚህ አይቻልም፤ እንሰት የሕዝቡ ምግብ ነውና የሚቀረው መከላከያ ክትባት ነበር።

ቢጫ ወባ በ2005 ወደ ኮርዶፋን ደቡብ ተመለሰ፤ በ2012 ደግሞ በዳርፉር ተነሥቶ ከ800 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከ160 በላይም ሞቱ።