የአንጎል ሞገድ መለኪያ፦ ከሕክምና ቤት እስከ መማሪያ ክፍል

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በቦሌ ክፍለ ከተማ ጎሮ በሚባለው አካባቢ በተቋቋመው የመረጃ ቴክኖሎጂ መንደር የእጅ ስልኮች ሲገጣጠሙ ቆይተዋል። የቻይናው ቴክኖ እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ መገጣጠም ከጀመረ በኋላ የአማርኛ ፊደል ያለባቸውን ስልኮች ለገበያ በማቅረቡ ብዙ ተጠቃሚ አግኝቷል። መሣሪያ ለሚገለገልበት ሕዝብ ሲስማማ ይስፋፋል። በዛሬው ጊዜ ከእጅ ስልክ ጋር ተገናኝቶ የሚሠራው አነስተኛ የአንጎል ሞገድ ሴንሰርም በዚሁ መመዘኛ ሊመረመር ይገባዋል።

የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ በመጀመሪያ የመዘገበው ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር ነው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1924 ጀምሮ ውጤቱን በ1929 አሳተመ። ከራስ ቆዳ ላይ የሚገኘው ኃይል የአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ ጥቂት አሥሮች ብቻ በመሆኑ፣ መሣሪያው ለብዙ ዘመን ግዙፍ ማጉያና በቅባት የሚጣበቁ በርካታ ሽቦዎች ያስፈልጉት ነበር። ዋና አገልግሎቱም የሚጥል በሽታን መመርመር ሆነ።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጉዳይ ዐቢይ ምስክር የሚሆነው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት ነው። ከ60,820 ሰዎች መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሆነው ተገኙ፤ ይኸውም ከሺህ 5.2 ያህል ነው። ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞሉም፤ አብዛኞቹ በባህላዊ መድኃኒት፣ በጠበልና በክታብ ይረዱ ነበር። ይህ ለመምህሩ ቅርብ ጉዳይ ነው። አንዱ የበሽታው ዓይነት ሕፃኑን ሳይጥለው ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ያፈዝዘዋልና፤ ሁኔታውን የማያውቅ መምህርም ታማሚውን ልጅ እንደ ሰነፍ ቆጥሮ ሊቀጣው ይችላል።

ማጉያው በአንዲት ቺፕ ላይ ሊሰፍር በመቻሉ እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውሮስካይ ቴክኖሎጂ የሚሠራ የልጆች መጫወቻ ገበያ ላይ ዋለ። በግንባር ላይ የምታርፍ አንዲት ደረቅ መንኪያና በጆሮ ላይ የሚያዝ መቆንጠጫ ለሥራው በቂ ሆኑ። ሆኖም ዐይን ሲርገበገብ ወይም ግንባር ሲኮማተር የሚፈጠረው ኃይል የአንጎሉን ሞገድ ይሸፍነዋል። «ትኩረት» ተብሎ የሚወጣውም ቁጥር በአምራቹ ስሌት የተገኘ ግምት እንጂ የሕክምና ልኬት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በቻይና ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የዚህ ዓይነት መለኪያ በራሳቸው ላይ እንዲያስሩ ተደርጎ ነበር፤ ከሕዝብ በተነሣው ተቃውሞ የተነሣ ግን እንዲቋረጥ ታዘዘ።

ሌላው ችግር የጠጉር ጉዳይ ነው። ከግንባር ውጭ የሚለኩ መሣሪያዎች ለለስላሳ ጠጉር የተበጁ ስለሆኑ ከርዳዳ ጠጉርና ሹሩባ ላይ በሚገባ አያርፉም። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በጉንጉኖች መካከል የሚያዝ መንኪያ ሠርተው ማቅረባቸው ጉድለቱ ሊታረም እንደሚችል ያሳያል።

እንግዲህ የትምህርት ዕቅድ አውጪው መሣሪያውን ከመግዛቱ አስቀድሞ፣ ምን እንደሚለካ፣ ለማን ራስ እንደተበጀና መዝገቡ በማን እጅ እንደሚቀመጥ መጠየቅ ይኖርበታል። ለመምህሩ ደግሞ ከማናቸውም ሴንሰር በፊት የሚያስፈልገው፣ በተደጋጋሚ የሚፈዝዘውን ልጅ ከመቅጣት ይልቅ ለወላጆቹ አስታውቆ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ማድረግ ነው።