የመስካሪው ቀለብ

በቀድሞው የጋይንት አውራጃ የምትገኘው የቤተ ልሔም ደብር በሊቃውንት ዘንድ ስሟ የሚጠራው ከሁሉ አስቀድሞ በድጓ ምስክርነቷ ነው። ድጓን በየአገሩ ይማሩታል፤ የተማረው ሰው የታወቀ የድጓ መምህር ለመባል የሚበቃው ግን ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰከረ እንደሆነ ነው። ዝማሬ መዋሥዕት በዚያው በጋይንት በዙር አባ እንደሚመሰከር ሁሉ፣ የድጓው ሸንጎ ይህች ደብር ናት። አስመስካሪው ብዙ ዓመት የፈጀበትን ዜማና በእጁ የጻፈውን መጽሐፍ ይዞ ይቀርባል። ዜማውን በመምህሩ ፊት ይዘልቃል፤ መጽሐፉንም ከቤተ ልሔሙ ድጓ ጋር እያስተያየ ምልክቱን ያቀናል። ይዘት፣ ድፋት ወይም ጭረት ከቦታዋ ብትዛነፍ ሳትታረም አትታለፍም።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ልብ እንዲል ያስፈልጋል። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚለምን ድኃ በመሆኑ ለመምህሩ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። መምህሩ የሚተዳደረው ከደብሩ መሬት በሚደርሰው ድርሻ ነበር። ተማሪው ቢያልፍም ቢወድቅም የመምህሩ ጎተራ አይሞላም፣ አይጎድልም። ፍርዱ የታመነውም ከዕውቀቱ ሌላ በዚህ ምክንያት ይመስለናል። ለዚህ ነፃ ፍርድ በላቡ ይከፍል የነበረው ግን መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ ነው፤ ይህም ሊዘነጋ አይገባም።

ከደብሩ ወርደን ወደ ገበያ ስንሄድ ነገሩ ይለወጣል። በንፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ በሬ ለሚገዛ ሰው ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን የሚመሰክርለት ደላላ ነው። ደላላው የሚበላው ሽያጩ ሲፈጸም እንጂ እውነት በመናገሩ አይደለም፤ ገዢው በሬውን ትቶ ከሄደ ውሎው ከንቱ ነው። ይህ ሲባል ደላላ ሁሉ ይዋሻል ማለት አይደለም፤ በሚመጣው ገበያ ከዚያው ሰው ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱ አይቀርምና።

መስካሪ ያላመነ ሕዝብ ደግሞ ራሱ መርማሪ ይሆናል። 1780 እ.ኤ.አ. የሚል የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ብር በአገራችን ሲዘዋወር፣ ሻጩ በንግሥቲቱ የራስ ጌጥና የትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ነቁጦች ቆጥሮ የደበዘዘውን ይመልስ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል የራሳቸውን ብር ቢያስቀርጹም ገበያው ዓይኑ በለመደው በአሮጌው መገበያየቱን ለረጅም ጊዜ አልተወም።

በዛሬው ዘመን ስልክ ወይም ማቀዝቀዣ የሚገዛ ሰው የሚቆጥረው ነቁጥ የለውም። የብዙ ገዢዎችን አስተያየት አሰባስበው አማካዩን በኮከብ የሚያሳዩ ድርጅቶች ይመሰክሩለታል፤ አንዳንዶቹ ለባለሙያ ቃል የበለጠ ክብደት ይሰጣሉ። ምስክርነቱ ለአንባቢው በነፃ ነው። ገቢያቸው በአብዛኛው ከማስታወቂያና አንባቢው በእነርሱ መሪነት ሄዶ ሲገዛ ሻጩ ከሚከፍላቸው ኮሚሽን ይገኛል። ይህ ከበሬ ደላላው አሠራር እምብዛም አይርቅም፤ ልዩነቱ ገዢውና መስካሪው ፈጽሞ የማይተያዩ መሆናቸው ነው። አንድ ዕቃ በዝርዝሩ ራስ ላይ የተቀመጠው በጥራቱ ይሁን ኮሚሽኑ በመብለጡ አንባቢው ሊለይ አይችልም። ኮሚሽን የማያስገኘው ዕቃ ከዝርዝሩ ቢቀርም መቅረቱን የሚነግረው የለም። ዕቃውን ሳያዩ የውዳሴ አስተያየት ጽፈው የሚሸጡ ሰዎች መኖራቸው ደግሞ አማካዩን ራሱን ያጎድፈዋል።

በአሜሪካ በ1936 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሸማቾች ማኅበር፣ ኮንሲዩመርስ ዩኒየን፣ ሌላ መንገድ መረጠ። የሚፈትነውን ዕቃ እንደ ማንኛውም ሰው ከሱቅ ይገዛል፤ በመጽሔቱ ማስታወቂያ አያወጣም፤ ለፈተናው የሚከፍለውም በዋናው አንባቢው ነው። ዋጋውን መክፈል የማይችለው ሰው ግን ከምስክርነቱ ውጭ ይቀራል።

ቤተ ልሔምም የቀለብ ጥያቄ አልቀረላትም። የገጠር መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የሕዝብ ሲሆን አድባራቱ መሬታቸውን አጡ፤ ገበሬውም ከድርሻ ክፍያ ተላቀቀ። የጉባኤ ቤት መምህራን ኑሮ ከዚያ ወዲህ ይበልጡን በምእመናን ስጦታ ላይ ወደቀ። አስመስካሪዎቹ ዛሬም መጽሐፋቸውን ይዘው ይመጣሉ።