ሀብት ወደ ደመና ሲፈልስ

«ሲስተሙን ክላውድ ላይ እናውጣው።» በአዲስ አበባው ቦሌ ሚካኤል የጉዞ ወኪሎች፣ አስመጪዎችና የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ዘንድ ይህ አባባል እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ከጠረጴዛ ሥር የተቀመጠው ኮምፒውተር ሲሞላ፣ ወይም መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ሲሄድ፣ ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው «ማይግሬት እናድርግ» ይላል፤ አንድ ደመና ላይ ብቻ ከመንጠልጠል ሁለት ሦስት ቢሆን እንደሚሻልም ያስረዳል። ሥራው የእርሱ ነው። ቃላቱን ግን እኔ ልከተላቸው፤ የአማርኛ አቻዎቻቸው አብዛኞቹ ግእዝ ቤት ያደሩ ናቸው።

ከደመና ልጀምር። ግእዙ ደመነ ነው፦ ሸፈነ፣ ጋረደ፣ ጨለመ። ስሙ ደመና፣ ሲበዛ ደመናት። አማርኛ ደመናም ዳመናም ይጽፋል፤ ሰማዩ ዳመነ፣ ቀኑ ዳመናማ ነው ይላል። ደመ ነፍስ አንድ ላይ ሲጻፍ ዓይን ያታልላል እንጂ ከዚህ ቤት አይደለም፤ ደምና ነፍስ ተናብበው የሰጡት ነው። የእንግሊዝኛው ክላውድ መንገድ ደግሞ የሚገርም ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ክሉድ ማለት ድንጋይ፣ የዐለት ክምር፣ ኮረብታ ነበር። የሰማዩ ደመና ሌላ ስም ነበረው፤ ጀርመኖች የዚያን ስም ዘመድ እስከ ዛሬ ይዘው ቮልከ ይላሉ። በ13ኛው መቶ ዘመን ገደማ የተቆለለው ደመና ዐለት መስሎ ስለታየ ድንጋዩ ስሙን ይዞ ሰማይ ወጣ። የኮምፒውተር መረብ ነዳፊዎችም ዝርዝሩ የማያስፈልገውን የመረብ ክፍል በሥዕላቸው ላይ በደመና ቅርጽ ይከልሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አማዞን የማከማቻና የማስሊያ አቅም ማከራየት ሲጀምር ቃሉ ከሥዕሉ ወጥቶ ገበያ ገባ። እንግዲህ ለዚህ አገልግሎት ከእንግሊዝኛው ይልቅ ግእዙ ይቀርበዋል። ደመነ ማለት ውስጡን ጋረደ ነውና።

የተጋረደው ነገር ያለው መሬት ላይ ነው። ከቦሌ ሚካኤል ወደ ምሥራቅ ሲወጡ፣ በቦሌ ለሚው አይሲቲ ፓርክ ውስጥ፣ ራክሲዮ፣ ሬድፎክስና ዊንጉ የተባሉ ኩባንያዎች የዳታ ማዕከል አላቸው። ዊንጉ ስዋሂሊ ነው፤ ትርጉሙ ደመና፣ ሲበዛ ማዊንጉ። ኢትዮ ቴሌኮም በበኩሉ አገልግሎቱን ቴሌክላውድ ብሎታል፤ ቴሌ የግሪክ «ሩቅ» ነው፣ በቴሌብር ውስጥ ከግእዙ ብሩር ልጅ ከብር ጋር የተጋባው ያው ቴሌ። የቦሌ ሚካኤል ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ደመናን ዳሩር ይሉታል። ዐረብኛ ሰሓብ ይለዋል፣ ሰሐበ ከሚለው፣ ጎተተ ማለት ነው፤ ነፋስ የሚጎትተው። አንዱ ቋንቋ ክምሩን አየ፣ አንዱ መጎተቱን፣ ግእዝ መጋረዱን።

ማይግሬት ሲባል ሥሩ የላቲኑ ሚግራሬ ነው፦ ስፍራ ለቀቀ፣ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ። አማርኛ ለዚህ የሚያቀርባቸው ብዙ ናቸው። መጀመሪያ የሚመጣው ስደት ነው። ግእዝ ሰደደ ሲል አባረረ፣ አሳደደ ማለቱ ነው። አማርኛ ግሡን አለዝቦ «ላከ» አደረገው፣ ደብዳቤ ሰደደ እንዲሉ፤ ሰደድ እሳት በሚለው ውስጥ ግን የጥንቱ ኃይል አልበረደም። የተሰደደ ሁሉ ያሳደደው አለ። ማሽኑ ተቃጥሎበት ያለ ዕቅድ፣ የተረፈውን ፋይል ብቻ ይዞ በአንድ ሌሊት ክላውድ የገባ ነጋዴ ተሰደደ ቢባል ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ዝውውር ነው፣ ከዞረ፣ ተዛወረ። ሠራተኛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ፣ ገንዘብ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ይዛወራል። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ግጥጥሞሽ አለ። የማይክሮሶፍት ደመና አዙር ይባላል፤ በአማርኛ ሲነበብ የዚሁ የዞረ ትእዛዝ አንቀጽ ነው፦ አዞረ፣ ያዞራል፣ አዙር! ዝምድና ግን የላቸውም። ያኛው አዙር በፈረንሳይኛ በኩል ከዐረብኛው ላዘወርድ የመጣ የሰማያዊ ስም ነው፤ ዐረብኛውም ከፋርስ የሰማያዊ ዕንቁ ስም ወስዶታል። አውሮፓውያን የፊቱን ላ መስተአምር መስሏቸው ቆርጠው ጣሉት። የሌላው ደመና አከራይ የጉግል ስምም በፊደል ስሕተት የተወለደ ነው፦ ጉጎል፣ አንድ ከመቶ ዜሮ ጋር፣ የሒሳብ ሊቁ የካስነር እኅት የወለደችው ሕፃን ያወጣው ስም።  

ሦስተኛው ፍልሰት ነው፣ እኔም የምመርጠው። ፈለሰ፦ ተለየ፣ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሄደ፤ አፍለሰ፦ አንሥቶ አሻገረ። ፈላሲ መንገደኛም መነኵሴም ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚጾመው ፍልሰታ የእመቤታችን ፍልሰት ነው። ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ይከበራል። በዚህ መጨረሻው አገባብ ውስጥ የባለሙያው ሥራ ሙሉ ምስል አለ፦ ክቡር ነገር ካረፈበት ይነሣል፤ አንድም ሳይጎድል፣ ቀን ተቆርጦለት፣ የሚያነሣውና የሚቀበለው ታውቆ፣ አዲሱ ስፍራ አስቀድሞ ተሰናድቶ። ዛሬ «ከገጠር ወደ ከተማ ፍልሰት» በሚለው የዘገባ ሐረግ ቃሉ የሰዎችን ጉዞ ብቻ የሚመለከት መስሏል። የጥንቱ ፍልሰት ግን የሚነሣውን ነገር ክብር አይዘነጋም ነበር።

ብዝኀ ደመና ላይ፣ ባለሙያው ሁለት ሦስት ይሁን ያለው ላይ፣ ደርሰናል። ግእዝ በዝኀ፣ ብዙኅ፣ ብዙኃን፤ አማርኛ የመጨረሻዋን ጉሮሮ ፊደል ውጦ በዛ አለ። ብዙኃን መገናኛ፣ ብዝኀ ሕይወት እያልን ኀን መልሰን አመጣናት፣ ብዝኀ ደመናም በዚያው ወግ ይግባ። ለምን ብዝኀ? አንደኛው ምክንያት ሕግ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሀገር ውስጥ የተሰበሰበ የግል ዳታ በሀገር ውስጥ ባለ ሰርቨር ወይም የዳታ ማዕከል እንዲቀመጥ ይጠይቃል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከእኛ ወደ ደቡብ የሚቀርቡት የትልልቆቹ ማዕከላት ደግሞ ጆሃንስበርግና ኬፕታውን ናቸው፦ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል በ2024 ከፈቷቸው። ሁለተኛው ምክንያት ምንዛሪ ነው፤ የውጭዎቹ በዶላር ያስከፍላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ያንጊዜ አንድ የውጭ ደመና ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሁሉ የወር ሒሳቡን በብር ሲያሰላ ደነገጠ።

ስለዚህ ዕቅድ ያስፈልጋል። ዐቀደ፦ ሦስቱን ፊደላት ዐይን፣ ቆፍ፣ ዳሌጥ የሚላቸው ዕብራይስጥ ዐቄዳ ብሎ የይስሐቅን በመሠዊያው ላይ መታሰር ይጠራበታል። ዐረብኛ በእነዚሁ ሦስት ፊደላት ዐቀደ ሲል ቋጠረ፣ ዐቅድ ሲል ውል ማለቱ ነው። የእኛው ውልም ሁለት ፊት አለው፦ የስምምነት ወረቀትም ነው፣ የልቃቂት ጫፍም ነው፤ ውሉ ጠፋ የሚባለው ለዚህ ነው። ደመና አከራዮች መረጃ ሲገባ ዝም ብለው፣ ሲወጣ በጊጋባይት እየቆጠሩ ማስከፈላቸው የተለመደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሦስቱም ጨርሶ ለሚለቅ ደንበኛ ይህን ክፍያ እንደሚያነሡ አስታውቀዋል። ከመግባት በፊት የመውጫውን ውል ጫፍ መያዝ ያለበት ዐቃጁ ነው።

በወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል እንይ። አንድ የቦሌ ሚካኤል የጉዞ ወኪል አለ እንበል። የመንገደኞች የፓስፖርት ቅጂ አለው፣ የቲኬት ሽያጭ መዝገብ አለው፣ ድረ ገጽ አለው፣ የሠራተኞች ኢሜይል አለው። መጀመሪያ ቆጠራ ነው፤ ምን አለ፣ ምን ከምን ጋር ተያይዟል፣ ማን ይከፍተዋል። ቀጥሎ ድልድል፦ የፓስፖርቱ ቅጂና የሽያጭ መዝገቡ ቦሌ ለሚ ካለው ማዕከል ይገባሉ፣ ድረ ገጹና ኢሜይሉ የግል ዳታ እስካልያዙ ድረስ ውጭ ሊወጡ ይችላሉ። ከዚያ ሙከራ፦ መዝገቡ ወደ አዲሱ ስፍራ ይገለበጣል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ፣ ድምራቸው ይመሳከራል። የመቀየሪያው ሰዓት ይቆረጣል፤ የአሮጌው ማሽን ገመድ ግን አይነቀልም፣ ነገሩ ከተበላሸ መመለሻው እርሱ ነው።

በዕቅዱ ሰነድ ውስጥ መረጃ የሚለው ቃል ሳይደጋገም አይቀርም። ሥሩ ግእዝ ረድአ ነው፣ አገዘ፤ ረድእ፣ አርድእት ከዚያ ናቸው። አማርኛ ረዳ ብሎ አሳጠረው። ከመርዳት መርጃ፣ ከመረዳት መረጃ፤ ደ ወደ ጀ መዞሯ መሄድ መሄጃ፣ መውሰድ መውሰጃ እንደሚሆነው ነው። መርዶም የዚሁ ቤት ልጅ ነው፣ ከአረዳ። አንዲት የፊደል ሳድስ እርዳታን ከዕውቀት ለየች።

ዳታ ግን ከመረጃ ይለያል፣ አዋጁም ዳታን እንዳለ ማስቀመጡ ትክክል ነው። ላቲኑ ዳሬ ነው፣ ሰጠ፤ ዳቱም የተሰጠ፣ ዳታ የተሰጡ። ግእዝ ሰጠን ወሀበ ይለዋል። ከወለደ ልደት፣ ከወረሰ ርስት እንደሚወጣ ሁሉ ወ ስትወድቅ ከወሀበ የሚወጣው ሀብት ነው። ሀብት በመጀመሪያ ትርጉሙ የተሰጠ ነገር፣ ስጦታ ነው፤ ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ሀብተ ወልድ የሚሉት ስሞች ይህን ይዘው ቆይተዋል። ገንዘብና ንብረት የሆነው በኋላ ነው። እንግዲህ ዳታ ፊደል በፊደል ግእዝ ቢሆን ኖሮ ሀብት ይሆን ነበር። መንገደኛው ፓስፖርቱን ለወኪሉ ሲሰጥ የሰጠው ይህን ነው፤ ተቀባዩ የራሱ ንብረት ቢመስለውም ሥሩ የሚለው የተሰጠ፣ ሰጪ ያለው ነው። የአዋጁ መንፈስም ይኸው ነው።

ሰርቨር አገልጋይ ነው። ግእዝ ግን የተሻለ አለው። ለአከ ላከ ነው፤ ተልእከ አገለገለ ነው። ላኪነትና አገልጋይነት በአንድ ሥር ያደሩበት ቋንቋ ነው፤ በቅዳሴ የሚያገለግሉት ልኡካን ይባላሉ፣ የመንግሥት መልእክተኛም ልኡክ ነው። መልእክት፣ ተልእኮ፣ መልአክ ሁሉም ከለአከ ናቸው። ሰርቨር ጥያቄ ተቀብሎ መልእክት የሚልክ አገልጋይ ስለሆነ ላእክ ቢባል አንዲት ፊደል አይባክንም። ቦሌ ሚካኤልም ስሙን የወሰደው ከሊቀ መላእክቱ ቤተ ክርስቲያን ነው፦ ሚካኤል፣ በዕብራይስጥ ማን እንደ አምላክ፤ ጎረቤት ሶማሌዎችም መላእክትን መላኢግ ብለው ከዚያው ሥር ይጠራሉ፣ በዐረብኛ በኩል።

ይህ ሰፈር የዝውውርን ሥራ ከማንም ቀድሞ ያውቃል፤ ሐዋላ የሚለው ቃል እዚህ የዕለት እንጀራ ነው። ዐረብኛው ሐወለ ነው፣ ለወጠ፣ ወደ ሌላ አዞረ። ገንዘቡ ሳይንቀሳቀስ መብቱ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ከደመና ወደ ደመና የሚሄድ ፋይል ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሐዋርያን ከሐዋላ ጋር ማዛመድ አይገባም፤ ሐዋርያ ከሖረ፣ ሄደ፣ ነው። ዐረብኛ ሐዋርያን ከግእዝ ተበደረ፣ አማርኛ ሐዋላን ከዐረብኛ፤ ቀይ ባሕር ላይ ቃላትም ሒሳብ ያወራርዳሉ።

በመጨረሻ ባንክ ቤት ሄዶ የተመለሰ ሁሉ የሚያውቀው «ሲስተም የለም» አለ። ሲስተም ግሪክ ነው፣ አንድ ላይ የቆመ። ግእዙ ሥርዐት ነው፣ ከሠርዐ፣ አሰናዳ፣ ደነገገ፤ አማርኛው ሠራም ከዚሁ ወጥቷል፣ የዐረብኛው ሸሪዓም የቅርብ ዘመዱ ነው። ሥራና ሥርዐት አንድ ሥር መሆናቸውን የሚያስታውስ ዐቃጅ በፍልሰቱ ሌሊት የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ያሰናዳል። መጠባበቂያ ቅጂው በሁለተኛው ደመና ላይ ይቀመጣል፤ መጠባበቂያ ከጠበቀ ነው፣ ጥበቃ፣ ጥብቅ፣ ጠበቃ የወጡበት፣ ግእዙ ጠብቀ ሲል ሳይላላ ገጠመ ማለቱ ነው። ቅጂው ተከፍቶ ያልታየ ከሆነ ገና አልጠበቀም።

የፍልሰት ዕቅድ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ ሰነዱን ለደንበኛችሁ በአማርኛ ጻፉለት። ሒሳብ ሠራተኛዋ ፓስፖርቱ የት እንደሚቀር፣ ቅጂው የት እንዳለ፣ ውሉ እንዴት እንደሚፈታ ራሷ አንብባ ትጠይቃችሁ። ስትጽፉም ብዝኀን በኀ ጻፉ።