ሞንታርቦና ጉርብትና

ዱከም ጸጥታን የምታውቅ ከተማ አይደለችም። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ጅቡቲ በሚወርደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ተዘርግታ፣ ዕድሜዋን ሁሉ የአላፊ አግዳሚውን ጫጫታ ስትሰማ ኖራለች። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ባቡር ለአሥርት ዓመታት እያፏጨ አልፎባታል፤ ባቡሩ ሲያረጅ ከባድ መኪናው ተተካ፤ ከዚያም ፋብሪካው መጣ። ቅዳሜና እሑድ ለቁርጥ ብሎ የሚወርደው የአዲስ አበባ ሰው በየሥጋ ቤቱ ደጅ መኪናውን አቁሞ የሚከፍተው ሙዚቃም አለ። በእንዲህ ያለች ከተማ ውስጥ አንድ ሠርግ ቀኑን ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ይውላል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ሆኖም አይቻለሁ።

ዘመኑ 2000 ዓ.ም. ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ ለኪስ ገንዘብ ስል ከአቃቂ እየተነሣ በየሠርጉ ሙዚቃ ለሚያጫውት አንድ ዲጄ ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ጥርንና ሚያዝያን ሠራሁ። (በመሐል ያለው ዐቢይ ጾም ስለሆነ ዲጄም፣ ዕቃ ተሸካሚም አብረው ይጾማሉ።) ንብረታችን ሁለት ሞንታርቦ፣ አንድ ሚክሰር፣ አንድ ላፕቶፕ፣ በጆንያ የታጨቀ ሽቦና መብራት በጠፋ ቁጥር የምንለማመጠው ጄኔሬተር ነበር። ሞንታርቦ የጣሊያን ድምፅ ማጉያ ሠሪ ስም ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ከየትም አገር ይምጣ፣ ማንም ይሥራው፣ ከትከሻ ከፍ ብሎ ከጮኸ ሞንታርቦ ነው። አለቃዬም የሚመካው በዘፈን ምርጫው ሳይሆን በሞንታርቦዎቹ ነበር። «ዱከም ስከፍተው ቢሾፍቱ ይሰማል» ይል ነበር፤ ውሸቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሠርግና ድምፅ ሲነሡ አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። ሠርግን ዝም የማሰኘት ሥልጣን ያለው ማን ነው? ይህን ሳስብ ወደ ኋላ ብዙ ርቄ ሄድሁ፤ አንባቢም ጥቂት መንገድ አብሮኝ ቢመጣ ወደ ዱከም እመልሰዋለሁ።

ሞንታርቦ ሳይመጣ የሠርግ ድምፅ ልክ ራሱ ዳሱ ነበር። ማሲንቆ አንድ ክር ያለው፣ ከፈረስ ጭራ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ከዳሱ ርቆ አይሰማም። ከበሮው፣ ጭብጨባውና እልልታው ግን አጥር ይሻገራሉ። የሸዋ ኦሮሞ ረገዳ ደግሞ መሣሪያ ሳይፈልግ በእግርና በጉሮሮ ብቻ መሬት ያንቀጠቅጣል። ቢሆንም ድምፁን የሚሰማው ጎረቤት አብዛኛውን ጊዜ የተጠራ ሰው ነውና ማን ማንን ይከሳል? ባለሥልጣንን ያስፈራ የነበረው የአዝማሪ ጩኸት ሳይሆን የአዝማሪ ቃል ነው። ይህ ፍርሃት እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል የታየው ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ነበር። ግራዚያኒ በዚያ ቀን ቦምብ ከተወረወረበት ወዲህ፣ ከአገር አገር የሚዞሩ ዘፋኞች፣ ተረት ነጋሪዎችና ጠንቋዮች ተይዘው እንዲገደሉ ትእዛዝ ሰጠ። ማሲንቆ ይዞ መንገድ መውጣት በራሱ የሞት ምክንያት ሆነ ማለት ነው። ስለ ድምፅ ብክለት ስናወራ ይህን መርሳት የለብንም እላለሁ፤ በዚህች አገር ድምፅን መከልከል የጀመረው በጆሮ ጤና አይደለም።

ደርግ በበኩሉ ከቃሉም አልፎ ሰዓቱን ያዘ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከወረዱ ጀምሮ ሰዓት እላፊ የከተማ ሰው ሕይወት አካል ሆነ፤ መነሻ ሰዓቱ አንዴ ሲቀርብ አንዴ ሲርቅ ሥርዓቱ እስኪወድቅ ድረስ ዘለቀ። የሙዚቃ ታሪካችንን የሚያወሱ ሰዎች ስለዚያ ዘመን ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ በትልልቆቹ ሆቴሎች ታዳሚው ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ይገባና በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ ይጨፍር ነበር። ዋልያስ ባንድን የመሰሉ ቡድኖች በሂልተን ሆቴል ያን ያህል ረጅም ሌሊት የሚጫወቱት አንድም ስለዚህ ነው። እንግዳ ነገር ነው፤ ሌሊትን ለማሳጠር የወጣው ትእዛዝ ዘፈኑን አስረዘመው።

ሂልተን የማይገባው ሰው ሠርግስ? አክስቴ ያገባችው በ1971 ዓ.ም. ደብረ ዘይት ነው። ለሠርጉ ከቀበሌ ፈቃድ ተጠየቀ። ምሳው ወደ ረፋድ ተገፋ፤ የሙሽራው ወገን ከዱከም የመጣ ስለነበር ፀሐይ ሳትጠልቅ ሙሽራዪቱን ይዞ እንዲመለስ ተወሰነ። ሩቅ ያለው እንግዳ ጎረቤት ተከፋፍሎት አደረ። ማታ ላይ ቴፕ ተከፍቶ፣ በርና መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ተጨፈረ። ዘመኑ የቴፕ ዘመን ነበር፤ ሸክላ ማሳተም በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሞ ዘፈን ሁሉ በካሴት መዞር ጀምሮ ነበርና። አክስቴ ያን ሌሊት ስታስታውስ በምሬት አይደለም፤ ትስቃለች። «በካልሲ ነበር የጨፈርነው» ትላለች፤ ጫማ እንዳይሰማ። እኔ ግን ሳስበው፣ በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ በር ዘግቶ የተቀመጠው ሁሉ ለመጨፈር እንዳልሆነ ትዝ ይለኝና ሳቁ ይጠፋብኛል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሌሊቱ ተመለሰ። በካዛንቺስና በሌሎች ሰፈሮች የአዝማሪ ቤቶች በዙ፤ ወደ ሠርጉ ድንኳን መጀመሪያ ባለ ኦርጋኑ፣ ከዚያ ዲጄው ገቡ። ዲጄ የረከሰ ባንድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ከኋላው ቆሜ እንዳየሁት ግን የአዝማሪ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ከዳሱ ውስጥ ማን የማን ወገን እንደሆነ፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ የትኛው አዛውንት በየትኛው ዘፈን እንደሚነሡ አይቶ መገመት አለበት። ዱከም ላይ ደግሞ የኦሮምኛውን፣ የጉራጊኛውንና የአማርኛውን ተራ ማዛባት ጠብ ያመጣል። ልዩነቱ አዝማሪው ሲሳሳት ድምፁ አጠገቡ ካለው ሰው አያልፍም፤ የዲጄው ስሕተት ግን ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል።

እንግዲህ ሦስተኛው ከልካይ፣ መለኪያ የያዘው ሕግ፣ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጣ፤ አዋጁን ተከትሎ የመጣው መለኪያ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይፈቅዳል። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል። ቁጥሩ በወረቀት ላይ መልካም ነው። በድንኳን ውስጥ ግን ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። ከሞንታርቦው ሦስት ሜትር ርቆ ለሚጨፍር ሰው ድምፁ 100 ዴሲቤል ቢደርሰው (ይህ በሠርግ ቤት ብርቅ አይደለም)፣ በሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ድምፁ ወደ 55 የሚወርደው ከ500 ሜትር በኋላ ነው፤ ወደ 45 ለመውረድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይፈልጋል። የድንኳን ሸራ ድምፅ አያግድም። ስለዚህ ድንኳን ውስጥ እንደ ልቡ የሚያስጨፍር ዲጄ ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ ሕግ ተላላፊ ነው።

አዋቂዎቹ መላ አላቸው። ሁለቱን ሞንታርቦ በድንኳኑ በር አቁመው ወደ መንገድ ከማስጮህ ይልቅ ከጥግ ሆነው ጀርባቸውን ለጎረቤት እንዲሰጡ ያደርጋሉ፤ ወይም አንድ ትልቅ በማስጮህ ፈንታ አራት ትናንሽ በየእንግዳው አጠገብ ይበትናሉ። ከሁሉ በፊት ቤዙን ይቀንሳሉ፤ ግድግዳ አልፎ የተኛ ሕፃን የሚያስነሣው እሱ ነውና። ሞቅ ያለውን ጭፈራ ከምሳ በኋላ ጨርሰው፣ ሲመሽ ወደ ትዝታ ያወርዱታል። አዳራሽ የሚከራይ ደግሞ ሙዚቃው የሚቆምበትን ሰዓት ውሉ ላይ ፈርሞ ይገባል፤ አንዳንዱ አዳራሽ ሰዓቱ ሲደርስ ከዲጄው ጋር አይከራከርም፣ መብራቱን ያጠፋዋል። ከዚህ ሁሉ ሽሽት ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ዱከም ሜዳ የወጣ ሠርግም ብዙ ነው። ነገር ግን ሜዳው ቆሞ አልጠበቀም፤ ቤት ተሠራበት። በ2015 ዓ.ም. ሱሉልታም ሰበታም ቡራዩም ሸገር በተባለው አዲስ ከተማ ሲጠቃለሉ «ከከተማ ውጭ» የሚባለው ቦታ ራሱ ከተማ ሆኖ ነበር።

ከአዋጁ 43 ዓመት ቀድሞ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድምፅ የሚለው ነገር እንዳለው ያወቅሁት በቅርቡ ነው። አንቀጽ 1225 ባለ ይዞታው ጎረቤቱን በጢስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅ ወይም በንቅናቄ እንዳያውክ ይከለክላል፤ ልኩ ግን በቁጥር አልተጻፈም። ልኩ መልካም ጉርብትና ነው፤ ከዚያ ያለፈው የተከለከለ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ሐሳቡም በሌሎች አገሮች ሕጎች የታወቀ ነው። ነገር ግን ሳነብበው ዱከም ላይ ያየሁትን የጻፈ መሰለኝ።

ወደዚያው ልመለስ። ቀኑ ከፋሲካ በኋላ ያለው እሑድ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ደርሰን ጄኔሬተሩን ስናወርድ ድንኳኑ ተተክሏል፤ የሚቀመጥበት አግዳሚ ግን ግማሹ የለም። ከአራት ቤት በኋላ ያሉ አዛውንት ሌሊቱን አርፈው የዕድሩ ጥሩምባ ሊነጋጋ ሲል ተነፍቷል። አግዳሚው የዕድሩ ስለሆነ ተከፍሎ ለኀዘንተኛው ቤት ሄዷል። የተጣደውን ወጥ፣ የተጠመቀውን ጠላ፣ የመጣውን እንግዳ ማንም አይመልሰውም፤ ሠርጉ ይደረጋል። ሁለት ሽማግሌዎች ወደ አለቃዬ መጡ።

«ልጄ፣ ዛሬ ዕቃህን አትክፈተው።»

አለቃዬ የሚያውቀውን መላ ሁሉ ዘረዘረላቸው። ስፒከሩን ወደ ውስጥ አዞራለሁ፣ ቤዙን እዘጋለሁ፣ ከድንኳኑ አይወጣም፣ እነሱ ቤት ፈጽሞ አይሰማም አላቸው። አንደኛው ሽማግሌ በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርሱ፣

«እነሱ ባይሰሙትም እኛ እንሰማዋለን» አሉት።

ከዚያ በኋላ የተናገረው ሰው የለም። ሙሽራው 6 ሰዓት ላይ ሲደርስ ሾፌሮቹ ክላክስ እንዳይነኩ ተነግሯቸው ስለነበር አምስቱ መኪኖች የታመመ ሰው የጫኑ ይመስል ቀስ ብለው ገቡ። ሚዜዎቹ አልዘፈኑም። ምሳ ተበላ። የማንኪያና የሳሕን ድምፅ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሲሰማ ያን ቀን ብቻ ነው የማስታውሰው። ሙሽራዪቱ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ሙሽራ ሁሉ ይደፋል፣ የእሷ ግን ሌላ ነበር። ዕድሜ ልኳን የጠበቀችው ቀን ነው፤ ደግሞም የሞቱት ሰው ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ጎረቤት ናቸው። በየትኛው እንደምታዝን የምታውቅ አልመሰለኝም። 8 ሰዓት ላይ ወንዶቹ ከሠርጉ ተነሥተው ቀብር ሄዱ፤ የሙሽራዪቱም አባት በሠርግ ልብሳቸው ላይ ነጠላ አዘቅዝቀው ሄዱ።

አለቃዬ ቀሪ ሒሳቡን ጠየቀ። በቀብዱ ላይ የቀረውን ግማሽ ሙሉውን ከፈሉት፤ ቆጥሮ ተቀበለ። ያኔ አፈርሁበት። አሁን አላፍርበትም፤ ከሁለቱ ሞንታርቦዎች አንደኛው የኪራይ ነበር፤ ኪራይ ደግሞ ሞተም አልሞተም ይከፈላል።

10 ሰዓት ሊሆን ሲል ከኀዘንተኛው ቤት አንዲት ሴት መጣች። ከቀብር መልስ የሟቹ ባለቤት ልከዋት ነው። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ዓይኔ እያየ ያደገች ልጅ ናት፣ በዝምታ እንዳታስወጧት የሚል። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ያደረጉት ማልቀስ ነው። ከዚያ አንዷ ከጓዳ ከበሮ አወጣች። አለቃዬ ዘሎ ወደ ሚክሰሩ ሲሄድ እኔ ነኝ ክንዱን የያዝሁት፤ ለምን እንደያዝሁት ቢጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

ሙሽሮቹ በእግር ወጡ። ሴቶቹ ከበሮውን ይዘው ከፊት፣ እኛ ጆንያችንን ተሸክመን ከኋላ። ጎዳናው የሚወስደው በኀዘንተኛው ደጅ ነው። እዚያ ሲደርሱ ከበሮውን የያዘችው ሴት እጇን በቆዳው ላይ አሳርፋ ዝም ብላ አለፈች፤ ሁሉም ዝም ብሎ አለፈ፤ ሙሽራዪቱ ወደ ድንኳኑ ዞራ እጅ ነሣች። ጥጉን ስንታጠፍ፣ የድንኳኑ ጫፍ ከዓይናችን ሲሰወር፣ ከበሮው እንደገና ተመታ።