ከአሮጌ ካሜራ ወደ አዲስ፦ ምን ተለወጠ? ምን አልተለወጠም?

ባለፈው እሁድ ሦስት ልጆች ተከታትለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ካሜራ ቀይረሻል አሉ፤ እኛስ ድሮ የያዝሽውን ዓይነት እንግዛ ወይስ ጨምረን አዲሱን?» አሉኝ። ቆሜ የምመልሰው ስላልሆነ በጽሑፍ ላድርገው ብዬ ነው። መልሱ ታሪክ አለው። ካሜራው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ካላወቅን ሻጩ የነገረንን ብቻ ይዘን ስንት ወር የለፋንበትን ገንዘብ እንበትናለን። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ካሜራዬ ካኖን 300ዲ ይባላል። ቤይሩት ሱቅ አል አሐድ፣ የእሁዱ ገበያ፣ መሬት ላይ ከአሮጌ ሬዲዮና ከቻርጀር ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። ብርማ ቀለም ያለው ፕላስቲክ ነው፤ ከአንድ ሌንስ ጋር ተከራክሬ ወሰድኩት። በሱ ክርስትና፣ ልደት፣ ወደ አገር የሚገቡትን መሸኛ ሁሉ አነሳሁ። ቀን ውጪ ሲሆን ፎቶው ጥርት ያለ ነው። ማታ ቤት ውስጥ ግን ሌላ ካሜራ ይሆናል።

አንድ ቀን ክፍል አብራን የተከራየች እህታችንን ልደት አከበርን። መብራት ጠፍቶ በኢሽቲራክ የምትበራ አንዲት አምፖል ብቻ ነበረች። «ፍላሹን ተይው፣ ዓይኔን ያስጨፍነኛል» አለችኝ፤ አጠፋሁት። ፊቷን አቅርቤ አነሳኋት። ፎቶው ብዥ አለ፣ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። ያኔ ሳቅንበት። አራት ወር ሳይሞላ ታማ አረፈች። ቤተሰቦቿ ለለቅሶ ፎቶ ላኩልን ሲሉ ብንፈልግ ብንፈልግ፣ የሥራ ልብስ ሳትለብስ እየሳቀች የተነሳችው ያቺ ብቻ ሆነች። አገር ቤት ፎቶ ቤት ወስደው አስተልቀው አሳጠቧት። እናቷ በስልክ «ፊቷ ለምን እንዲህ ሆነ? ታማ ነው እንዴ ያነሳችኋት?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ካሜራው ነው» አልኳቸው። እንዳመኑኝ እንጃ።

ከዚያ በኋላ ካሜራው ለምን እንደዛ እንዳደረገ ማወቅ ፈለግኩ። ያወቅኩትን ልንገራችሁ።

ከፊልም ወደ ሴንሰር

ዲጂታል ኤስኤልአር የሚባለው ካሜራ ውስጡ መስታወት አለው። በሌንሱ የገባውን ብርሃን መስታወቱ ወደ ላይ ይልከዋል፣ እኛም በመመልከቻው ቀዳዳ እናየዋለን። ስንጫነው መስታወቱ ብድግ ይላል፤ ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። በድሮው ጊዜ ከመስታወቱ ኋላ ፊልም ነበር። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ ፎቶ ቤት ሄዶ ማሳጠብ ነው። ዲጂታል ሲመጣ ፊልሙ ወጣና በቦታው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሴንሰር ገባ።

የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው ስቲቨን ሳሰን የተባለ የኮዳክ ወጣት ኢንጂነር ነው፣ በ1975። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ነበር። ፎቶው 100 በ100 ነጥብ፣ ማለት 10 ሺህ ነጥብ ብቻ ነው፤ አንዱን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ኮዳክ ግን ኑሮው ፊልም መሸጥ ነበርና በዚህ ነገር ቶሎ አልገፋበትም። በጥር 2012 ኪሳራ ውስጥ ገብቶ የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ። በቤቱ የተወለደው ልጅ ጣለው ማለት ነው።

ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው ዲጂታል ኤስኤልአር በ1991 የወጣው የኮዳክ ዲሲኤስ 100 ነው። የኒኮን ኤፍ3 ፊልም ካሜራ ላይ ሴንሰር ገጥመውበት ነው የሠሩት። 1.3 ሜጋ ፒክስል ነበር። ፎቶው የሚቀመጠው ትከሻ ላይ በሚንጠለጠል ሌላ ሳጥን ውስጥ ነው። ዋጋው ደግሞ ከ20 ሺህ ዶላር የማያንስ፤ ለጋዜጠኛና ለትልቅ ድርጅት እንጂ ለእንደኛ ዓይነቱ አይታሰብም። በ1999 ኒኮን ሙሉውን በራሱ የሠራውን ዲ1 አወጣ፣ 2.7 ሜጋ ፒክስል። በ2000 ካኖን ዲ30ን አወጣ።

በ2003 ነው ነገሩ የተገለበጠው። የኔው 300ዲ በዚያ ዓመት ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሌንስ 899 ዶላር ተሸጠ። ከአንድ ሺህ ዶላር በታች ወርዶ ብዙ ሰው እጅ የገባው ያኔ ነው። 6.3 ሜጋ ፒክስል ነው። በዓመቱ ኒኮን ዲ70ን ይዞ መጣ። ዛሬ ገበያው መሬት ላይ የምናያቸው አሮጌ ካሜራዎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ምን ተጨመረ?

በ2006 የወጣው 400ዲ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራን በራሱ ማራገፍ ጀመረ። በ2008 የወጣው ኒኮን ዲ90 ቪዲዮ ያነሳ የመጀመሪያው ዲጂታል ኤስኤልአር ሆነ። በዚያው ዓመት ፓናሶኒክ መስታወቱን ጨርሶ ያስወጣ ጂ1 የሚባል ካሜራ ሠራ። ሶኒ በ2013፣ ካኖንና ኒኮን ደግሞ በ2018 ትልቅ ሴንሰር ያላቸውን መስታወት አልባ ካሜራዎች አወጡ። ባለሙያዎቹ ወደዚያ ሲዞሩ ባለመስታወቱን ሸጡት። ለኛ ጥሩ ሆነ፤ ያኔ የማይነካው ዕቃ አሁን ያገለገለ ሆኖ በኛ አቅም ይገኛል።

እኔ ከ300ዲ ወደ 700ዲ ነው የሄድኩት። እሱም አዲስ አይደለም፣ በ2013 የወጣ ነው። በመካከላቸው አሥር ዓመት አለ። ልዩነቱን አንድ በአንድ ላስረዳችሁ።

አንደኛ፣ ጨለማ። አይኤስኦ የሚባለው ቁጥር ካሜራው ትንሽ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎላ ነው የሚናገረው። የሬዲዮ ድምፅ ስንጨምር ጩኸቱም አብሮ እንደሚጨምር፣ አይኤስኦ ሲጨምር አሸዋው ይጨምራል። 300ዲ የሚደርሰው እስከ 1,600 ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ፎቶው ይበላሻል። 700ዲ 12,800 ይደርሳል፣ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ግን ሻጩ ይሄን ቁጥር ሲነግራችሁ አትደነቁ። 12,800 ላይ እሱም አሸዋ ነው፤ እኔ 3,200 ላይ አቆማለሁ።

ሁለተኛ፣ ሜጋ ፒክስል። ከ6 ወደ 18 ሲሆን ሦስት እጥፍ ነው። ፎቶው ግን ሦስት እጥፍ አይሰፋም። የ300ዲ ፎቶ በጎኑ 3,072 ነጥብ ነው፣ የ700ዲ 5,184 ነው። ስታካፍሉት አንድ ነጥብ ሰባት እጥፍ ብቻ ነው። ለአልበምና ለግድግዳ ትንሽ ፎቶ 6 ሜጋ ፒክስልም ይበቃል። ስለዚህ በሜጋ ፒክስል ብቻ ብላችሁ ብር አታውጡ።

ሦስተኛ፣ ፍጥነትና ስክሪን። አሮጌው አራት ፎቶ በተከታታይ ካነሳ በኋላ ሚሞሪ ላይ እስኪጽፍ ያስጠብቃል፤ ሙሽራዋ ዳቦ ስትቆርስ ቆሜ የጠበቅኩበት ቀን አለ። ስክሪኑም ትንሽ ናት፣ ፎቶው የጠራ ይሁን የደበዘዘ አታሳይም፤ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ሳይ ነው የማዝነው። በአዲሱ ከማንሳቴ በፊትም ስክሪኑ ላይ አያለሁ፣ አንስቼም አጉልቼ አረጋግጣለሁ።

የማያልፍልሽ ዕቃ

አሁን ሻጭ የማይነግረንን ልናገር። ካሜራ ስትቀይሩ ካሜራውን ብቻ አይደለም የምትቀይሩት። የ300ዲ ባትሪ 700ዲ ውስጥ አይገባም። ሚሞሪውም ሌላ ነው፤ የድሮው ወፍራሙ ኮምፓክት ፍላሽ፣ የአዲሱ ኤስዲ ነው። የፎቶው ክብደትም ይጨምራል፤ አንዱ ጄፔግ ከ3 ሜጋ ባይት ገደማ ወደ 6 ገደማ ይሄዳል፣ ሮው በሚባለው ካነሳችሁ ከ20 ያልፋል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለ ፕሮግራም የአዲሱን ሮው ላይከፍተው ይችላል። ስለዚህ የካሜራውን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ፤ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ሚሞሪ ብላችሁ ደምሩ።

የሚያልፈው ሌንስ ነው፣ እሱም ተጠይቆ። ካኖን ኢኤፍ የሚባለውን የሌንስ አፍ በ1987 ነው ያወጣው፤ ያኔ የተሠራ ሌንስ 700ዲ ላይም ይሠራል። ከ300ዲ ጋር የመጣው ሌንስ ግን ኢኤፍ-ኤስ ነው፤ ትልቅ ሴንሰር ባላቸው እንደ 5ዲ ባሉት ላይ አይገጥምም። ኒኮን የያዛችሁ ደግሞ ይሄን ስሙ፦ ዲ70 ሌንሱን የሚያዞር ሞተር ውስጡ አለው። እንደ ዲ40ና ዲ3000 ያሉት ግን የላቸውም። የድሮ ሞተር የሌለው ሌንስ እነሱ ላይ ብትገጥሙ ይገባል፣ ትኩረቱን ግን በእጃችሁ እያዞራችሁ ነው። በቁጥሩ አዲስ የሆነው ሁሉ ይሻላል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እዩ።

ስትገዙም ሌንሱን አውጥታችሁ ውስጡን እዩ። ነጭ ነገር አንሱና ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ ማለት ነው። አሮጌው ላይ የሚሞሪውን ቀዳዳ በባትሪ አብርታችሁ እዩ፤ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መርፌዎች አንዷ ከተጣመመች ችግር ነው። የራሳችሁን ሚሞሪ ይዛችሁ ሂዱና አስር አስራ አምስት ፎቶ አንስታችሁ ሞክሩ። «ቤት ሄደሽ ትሞክሪያለሽ» የሚል ሻጭ ካገኛችሁ ያላ ብላችሁ እለፉ።

ያቺ ፎቶ

አሁን ወደ ልደቱ ልመለስ። ፎቶዋ ለምን እንደደበዘዘ ቁጥሩ ይናገራል። ሌንሴን አቅርቤ ሳነሳ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ 5.6 ነበር፤ ያ ጠባብ ነው። አይኤስኦ 1,600 ላይ ሆኖ እንኳ ካሜራው 1/10 ሰከንድ ፈለገ። በ1/10 ሰከንድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የሚስቅ ሰውም ይንቀሳቀሳል። 700ዲ 12,800 ላይ ቢሆን 1/80 ይበቃው ነበር።

ግን ሌላም መንገድ ነበር። 50 ሚሊ ሜትር፣ 1.8 የሚባል ትንሽ ርካሽ የካኖን ሌንስ አለ፤ ከ300ዲ በፊት ጀምሮ የነበረ ነው። 1.8 ከ5.6 አስር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። እሱን ያንኑ አሮጌ ካሜራ ላይ ብገጥመው 1/100 ገደማ ይሆን ነበር። አይኤስኦውንም ወደ 800 ባወርደው አሸዋው ይቀንስ፣ 1/50 ላይም ከእጅ ይያዛል። ካሜራውን ሳልቀይር፣ በሌንስ ብቻ። ይሄን ያወቅኩት ካሜራውን ከቀየርኩ በኋላ ነው። ሌንሱን ገዝቻለሁ፤ ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ግድግዳው ድረስ ወደኋላ ያስኬዳል፣ ዓይን ላይ ካላነጣጠራችሁም ጆሮን ያጠራና ዓይንን ያደበዝዛል። ግን ይለመዳል።

ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይሄ ነው። 300ዲ ወይም ዲ70 ካላችሁና ቀን ውጪ የምታነሱ ከሆነ አትቀይሩ። ማታና ቤት ውስጥ የምታነሱ ከሆነ መጀመሪያ ሌንስ ግዙ። ቪዲዮ ካማራችሁ ወይም ሠርግ ተከፍሏችሁ ልታነሱ ከሆነ ብቻ ካሜራውን ቀይሩ፣ ያኔም የባትሪና የሚሞሪውን ሂሳብ ቀድማችሁ አስቡ። ካሜራ የሌላችሁም በስልክ አንሱ፤ መስኮት አጠገብ፣ በቀን።

አንድ ነገር ግን ካሜራው አይሠራልንም። እዚህ ያለነው ሰዎች ፎቶ አለን ብለን እናስባለን፤ ስንፈልገው ግን በማዳም ቤት የሥራ ልብስ ለብሰን የተነሳነው ወይም የፓስፖርቱ ብቻ ነው። እርስ በርሳችን እንነሳ። የተነሳውንም ስልክ ውስጥ ብቻ አንተወው፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይወሰዳል። አንዱን ቅጂ ለእህት፣ አንዱን አገር ቤት እንላክ።

የሚመጣው እሁድ ሁለቱንም ካሜራ ይዤ እመጣለሁ። ብርማው አሁንም ይሠራል፤ መማር ለምትፈልግ ልጅ አውሳታለሁ። የምትወዱትን ልብስ ለብሳችሁ፣ ሚሞሪ ወይም ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ሳይጨልም።