«ሹፌሩ ታስሯል» ከተባለ በኋላ

ወዳጆች፣ ቆላ ድባ ባቡር የለም። ከአዘዞ ተነስቶ በኛ በኩል ወደ ጎርጎራ በሚወርደው መንገድ የምናውቀው አይሱዙ፣ ሚኒባስና ባጃጅ ነው። ታዲያ ስለ ባቡር አደጋ ምን አስነሳህ ትሉኝ ይሆናል። ያስነሳኝ አደጋ በደረሰ ቁጥር የምንሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «አሽከርካሪው በቁጥጥር ሥር ውሏል።» እሷን ስንሰማ እፎይ ብለን ወደ ቡናችን እንመለሳለን።

ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የመንገደኞች ባቡር አዋሽ አቅራቢያ፣ ድልድይ ያለበት ኩርባ ላይ ከሀዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። የተሳፈረው ሰው ወደ 1000 ይጠጋ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 428 ነው። በአፍሪካ ከታዩት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ምክንያቱ ወዲያው ተነገረ፤ ነጂው ኩርባው ላይ ፍጥነት አልቀነሰም ተባለ። ነጂው ታሰረ።

ነጂው ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ግን የአንድ ሰው የአንድ ደቂቃ ስህተት ከ400 በላይ ነፍስ የሚያስከፍልበት ቦታ ካለ፣ «ማን ተሳሳተ?» ከሚለው ቀጥሎ «ሲሳሳት የሚይዘው ምን ነበር?» መባል አለበት። እስር ቤት የገባው ነጂው ነው፤ ኩርባው እዚያው ነው።

ይህ ጥያቄ በሌላ አገር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ጉድማን የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር የባቡር ሀዲድ ሲያቋርጥ ተገጭቶ ሞተ። ባቡሩ የሚመጣበትን አቅጣጫ አንድ ቤት ከልሎበት ነበር። ሚስቱ ከሰሰች፣ በሥር ፍርድ ቤትም ረታች። እ.ኤ.አ. በ1927 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በታዋቂው ዳኛ ሆልምስ ብዕር ፍርዱን ሻረው። ማየት ካልቻለ ቆሞ፣ ካስፈለገም ከመኪናው ወርዶ ማየት ነበረበት አለ። በቃ፣ ጥፋቱ የሟች ሆነ።

ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1934፣ ፖኮራ የሚባል የበረዶ ነጋዴ ጉዳይ መጣ። ቆሟል፣ አይቷል፣ አዳምጧል፤ የቆሙ ፉርጎዎች ግን ከልለውበታል። ዳኛ ካርዶዞ የሆልምስን ደንብ እንደ ገመድ አላላው። ሹፌሩ ወርዶ አይቶ፣ ተመልሶ መኪናው ላይ እስኪወጣ ያላየው ባቡር ይደርስበታል፤ መውረዱ ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል አለ። ጉዳዩም እንደገና እንዲታይ ተመለሰ። ሆልምስ ሕጉን የጻፈው ከወንበሩ ላይ ሆኖ ነው፤ ካርዶዞ ግን ቢያንስ በሐሳቡ መሪው ላይ ተቀምጧል። (የኛ ትራፊክ ፖሊሶችም አንዳንዴ ቢቀመጡ ጥሩ ነበር።)

የሚገርመው፣ የኛ ሕግ እዚህ ላይ ከልማዳችን ይሻላል። በወንጀል ሕጉ ሹፌር ሁሉ በቁጥሩ የሚያውቀው አንቀጽ 543 አለ፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። የሹፌሩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ግን ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት እንኳ ቢሆን። ተጎጂው ራሱ ካላጠፋ በቀር ባለንብረቱ ማምለጫው ጠባብ ነው። ሕጉ ጥፋቱን ከመፈለግ አልፎ መኪናው ሲሠራ የሚያተርፈው ማን እንደሆነ ያያል።

እኛ ሰፈር ግን ሰው ሲሞት ሽማግሌ ይላካል። የሹፌሩ አባት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፣ ዘመድ አዝማድ ለካሳው በሬ ይሸጣል። ጎማው ያለቀውን መኪና «ቶሎ ተመለስ» ብሎ የላከው ሰው ብዙ ጊዜ በቦታው የለም። መንገዱን ያለ ምልክት የተወው መሥሪያ ቤት ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። ያችን ሟች የምታለቅስ ሴት አንቀጽ 2081ን የነገራት የለም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብቻ እንኳ «ባለመኪናውስ የታለ?» ቢል ጉዳዩ መልኩን ይቀይር ነበር።